ከሰል ብጨምርም ማይክሮዌቭ አልመጥጥ አለኝ

ጠያቂ፣ ባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ጥናቴ የማይክሮዌቭ ሞገድ የሚመጥጥ ናኖኮምፖዚት (ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተደባለቀ ቁስ) እየሠራሁ ነው። የፋግታ ለኮማ ወረዳን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ፈጭቼ በወንፊት ነፋሁት፤ ማግኔታይት ከሚባለው፣ ማግኔት ከሚስበው ጥቁር የብረት ማዕድን ጋር ደባልቄ በቀለጠ ፓራፊን ሰም አረጋሁት። ከሰሉ ከክብደቱ 40 በመቶ ነው። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ናሙና አዲስ አበባ ልኬ ሲለካ በ10 ጊጋኸርዝ ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ የቀነሰው ወደ −2 ዴሲቤል ብቻ ሆነ። 90 በመቶ እንዲመጥጥ −10 መድረስ ነበረበት። ሦስት ወር ለፍቼበታለሁና የት እንደተሳሳትሁ ንገሩኝ።

ከደብረ ማርቆስ፦
እህቴ፣ ሞገዱ መጀመሪያ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ኤሌክትሪክ አስተላላፊው ሲበዛ ናሙናው እንደ ቆርቆሮ ይሆንና ሞገዱን ከደጃፉ ይመልሰዋል። ከሰሉን ወደ 15 በመቶ አውርጂው።

ከእንጅባራ፦
እኔ አልስማማም። የአካባቢያችን ከሰል አፈር ለብሶ የሚከሰል፣ ለማገዶ የተዘጋጀ ነው፤ የክምሩ መሐልና ዳር እኩል አይግልም። በዝቅተኛ ሙቀት የከሰለው ቢጠቁርም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በደንብ የከሰለው ሲያንኳኩት እንደ ብረት ይጮኻል። ልጄ፣ አንዱን ጉማጅ ጫፍና ጫፉን በመልቲሜትር ለኪው። ካላስተላለፈ ናይትሮጅን እያሳለፍሽ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደገና አክስዪው።

ከባሕር ዳር፦
የልኬቱ ፋይል ይፍረድ። የለኩልሽን የፐርሚቲቪቲና የፐርሚያቢሊቲ ቁጥሮች፣ ማለትም ናሙናው ለኤሌክትሪክና ለማግኔት መስክ የሚሰጠውን ምላሽ፣ ጠይቂ። የፐርሚቲቪቲው ምናባዊ ክፍል (የሚባክነውን ኃይል የሚያሳየው) ከገዘፈ የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን ልክ ነው፤ ኢምንት ከሆነ የእንጅባራው መምህር። በእነዚሁ ቁጥሮች ሌላ ናሙና ሳትልኪ የየውፍረቱን ውጤት በኮምፒውተር ማስላት ትችያለሽ። የ10 ጊጋኸርዝ ሞገድ በአየር 3 ሴንቲሜትር ነው፤ በናሙናው ውስጥ ያጥራል። ከናሙናው ኋላ ብረት ካለና ውፍረቱ የዚህ ያጠረው ርዝመት ሩብ ሲሆን ከፊትና ከኋላ የሚመለሱት ሞገዶች ይጠፋፋሉ። ማግኔታይቱስ ቡናማ አልሆነም? ቡናማ ከሆነ አየር አግኝቶት ኦክሳይድ ሆኗል። ማግኔት ስለሳበው አትመኚው፤ ኦክሳይድ ሲሆን የሚለወጥበት ማግሄማይትም ይሳባል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋይሉን ከፈትሁት፤ የፐርሚቲቪቲው እውን ክፍል 4 ገደማ፣ ምናባዊው 0.2 ነው። ከያዝኋቸው ስድስት ጉማጆች አንዱ ብቻ አስተላለፈ፤ እሱም የሚጮኸው ነው። መምህር፣ እንዳሉት ሆነ። የማግኔታይቱ ዱቄት ከላይ ስስ ቡናማ ሆኗል፤ ከሥሩ ግን ጥቁር ነው። ስሌቱም ለዚህ ናሙና የሚስማማው ውፍረት ከ3 ሚሊሜትር በላይ መሆኑን አሳየኝ።

ከደብረ ማርቆስ፦
እንግዲያው መጀመሪያ አክስዪው። ያን ጊዜ ማስተላለፍ ስለሚጀምር 40 በመቶው ይበዛል፤ 10፣ 15 እና 20 በመቶ ያላቸውን ሦስት ናሙናዎች አብረሽ ላኪ።