የሀይሉክስ 2ኬዲ ሞተር «ቲ-ቤልት» (የታይሚንግ ቤልት መቀየሪያ ማስታወሻ) መብራት በራ፤ ቤልቱ ብቻ ይቀየር ወይስ ከነኩሽኔታው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሁለተኛ እጅ ሀይሉክስ 2.5 ዲዝል ነው። ከዚህ በፊት ቤልት ለመቀየሩ ደረሰኝ የለም። ሽፋኑ ሲከፈት ስንጥቅ አይታይም፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። ቴንሽነሩና (ቤልቱን የሚወጥረው) ውሃ ፓምፑም አብረው ይቀየሩ?

መልስ፦ መብራቱ የሚቆጥረው ኪሎሜትር ብቻ ነው፤ መኪናው እንደተሸጠበት ገበያ በ100,000 ወይም በ150,000 ይበራል። ቤልት ሳይቀየርም ማጥፋት ስለሚቻል ቀድሞ አለመብራቱ ቤልቱ ለመቀየሩ ማስረጃ አይሆንም። የዘመኑ ቤልት ውስጡ አልቆ ላዩ ደህና ይመስላል፣ ስለዚህ ቀይረው። ከተበጠሰ ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል፣ ሮከር አርም ይሰበራል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ይከተላል። ውሃ ፓምፑን ግን የሚያዞረው የውጪው ቤልት ነው፤ ካላፈሰሰ አትንካው።

ሌላ መልስ፦ ቤልቱን የሚመራውን ኩሽኔታ አብረህ ቀይር። አሮጌውን በእጅህ አዙረው፦ አሸዋ እንደገባበት ከተንኮሻኮሸ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ አልቋል። ያለ ምንም ድምፅ ረጅም ጊዜ ከተሽከረከረም አትደሰት፣ ግራሱ ደርቋል ማለት ነው። ደግሞ በቤንዚን አታሳጥበው፤ ዝግ ኩሽኔታ ግራሱ ከታጠበ ወዲያ አይመለስም። የቤልቱ ጠርዝ በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ፑሌጃው ዘሟል። ዘይት ከነካው መጀመሪያ የካምሻፍቱን «ሲል» (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ) ቀይር፣ አለዚያ አዲሱም ያብጣል።

ሦስተኛ መልስ፦ ቴንሽነሩ ዘይት ካላፈሰሰና ዘንጉ በእጅ ሲገፋ ካልገባ ሊያገለግል ይችላል፤ ግን እስከሚቀጥለው ቅያሬ እንዲቆይ ስለሚፈለግ መቀየሩ ይሻላል። አሮጌውን መልሰህ የምትጠቀም ከሆነ በሞርሳ ቀጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ተጫነው፣ የዘንጉና የአካሉ ቀዳዳዎች ሲገጣጠሙ ቀጭን አለን ቁልፍ አስገባ። በኃይል ከተጫነ ውስጡ ይበላሻል።

አሮጌው ቤልት ሳይወጣ ክራንኩን በሰዓት አቅጣጫ አዙረህ የታይሚንግ ምልክቶቹን አገጣጥም። አዲሱን ቤልት በካቻቢቴ አትጎልጉል፣ አትጠፈው። የቴንሽነሩን ሁለት ብሎኖች እየተፈራረቅህ አጥብቅ፤ አንዱን ቀድሞ መጨረስ ያጣምመዋል። አለን ቁልፉን ከነቀልክ በኋላ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙርና ምልክቶቹን እንደገና እይ። አንድ ጥርስ ከዘለለ አውጥተህ ድገመው። መሐል ላይ ጠንከር ብሎ ካቆመህ አትግፋ፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ይሆናል።

ጠያቂ፦ መብራቱስ?

ሦስተኛ መልስ፦ ቅያሬው ካለቀ በኋላ በኪሎሜትር ቆጣሪው ቁልፍ ይጠፋል። ቀድሞ ማጥፋት አይገባም።