በእንግድነት ሦስት ሳምንት ስንከርም የሩጫ ልምምዴን እንዴት ላስኪደው?

ማለዳ_21

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሦስት ሳምንት አማቶቼ ቤት ልንከርም ነው። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ዘጠኝ ወሩ። በረራው ወደ ምሥራቅ ሲሆን የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። ከተመለስን በአምስተኛው ሳምንት ግማሽ ማራቶን እሮጣለሁ። አሁን በሳምንት አምስት ቀን፣ በድምሩ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምሠራው። ሰው ቤት ተቀምጦ በየቀኑ ላጥ ብሎ መውጣት ነውር ይመስለኛል፤ ባለቤቴም ልጆቹን ብቻውን ይዞ እንዲቀር አልፈልግም። ምን ያህል ብቀንስ ጉልበቴ ሳይወርድ እቆያለሁ? ሰዓቱንስ መቼ ላድርገው?

ሰዓት_ያዥ

እህቴ፣ ከምትፈሪው በላይ መቀነስ ትችያለሽ። አቅምን ይዞ የሚያቆየው ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ፍጥነቱ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ የላብራቶሪ ሙከራዎች ይህንኑ አሳይተዋል፤ የልምምዱ ርዝመት ወይም የቀኖቹ ቁጥር በጣም ሲቀነስ፣ ጥንካሬው እስካልተነካ ድረስ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙን ለወራት ይዞ ቆይቷል። ጥንካሬው ሲቀነስ ግን አቅሙ ወረደ። ብዙ ሰው ጉዞ ላይ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በየቀኑ ይወጣና ሁሉንም በቀስታ ይሮጣል። ቤተሰቡንም ያስቸግራል፣ አቅሙም ይወርዳል።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ውጪ። አንዱ የፍጥነት ቀን ይሁን፤ 12 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ ሦስት ሦስት ደቂቃ በፍጥነት፣ በመካከሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ በመጨረሻ 8 ደቂቃ ማቀዝቀዣ። ሲደመር ሃምሳ ደቂቃ አይሞላም። የፍጥነቱ ልክ ሁለት ሦስት ቃል ለመናገር የሚያስቸግር ያህል ነው፤ በማታውቂው መንገድ ላይ ሰዓትሽ የሚያሳይሽን የኪሎ ሜትር ፍጥነት አትከተይ። ሁለተኛው ቀን 40 ደቂቃ ዘና ያለ ሩጫ ነው። ሦስተኛው ረጅሙ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት 70፣ በሁለተኛው 80፣ በሦስተኛው 90 ደቂቃ። በሳምንት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይበቃሻል።

ጉዳት የሚመጣው ሲመለሱ ነው። የቀረውን ላካክስ ተብሎ በአንድ ጊዜ ወደ 50 ሲዘለል ሳንባው ይችላል፣ ባትና የተረከዝ ጅማት ግን አይችሉም። የመጀመሪያው ሳምንት 36፣ ሁለተኛው 44፣ ሦስተኛው 50፣ አራተኛው 36 ይሁን። የውድድሩን ሳምንት ከውድድሩ በፊት ከ15 አታሳልፊው። እንግዳ ሆነሽ በከረምሽበት ጊዜም በሳምንት ሦስቴ ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ቆመሽ ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ ለእያንዳንዱ እግር ሦስት ዙር አሥራ አምስት አሥራ አምስት ጊዜ። ድምፅ የለውም፣ ቦታ አይፈልግም፣ ማንንም አይቀሰቅስም።

እንግዳ_ነኝ

ስለ ነውሩ ልጨምር። አብዛኛውን ጊዜ አስተናጋጅን የሚያስከፋው ሩጫው ራሱ አይደለም፣ ድንገት መሆኑ ነው። ሳትሄዱ በፊት ባለቤትሽ ለወላጆቹ ይንገር፤ «በሳምንት ሦስት ቀን ትወጣለች፤ ሁለቱን ቀን ለአንድ ሰዓት፣ ረጅሙን ቀን ከዚያ በላይ፣ ቀኖቹ እነዚህ ናቸው» ይበላቸው። ወላጆቹ ስለሆኑ ከእሱ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ስትደርሺ ደግሞ ራስሽ ጠይቂያቸው፦ የትኛው በር ነው የማይጮኸው? ቁልፍ ልያዝ ወይስ ክፍት ይተዉልኛል? ለሴት ብቻዋን የሚሆነው መንገድ የትኛው ነው? አጭር ሱሪ ሰፈሩ ውስጥ ይለመዳል? የመጨረሻው ጥያቄ በጭንቅላት ከመገመት ያድናል፤ መልሱ አይለመድም ከሆነ ከቁምጣው በላይ ቀለል ያለ ረጅም ሱሪ ማጥለቅ በቂ ነው።

የተናገርሽውን ሰዓት አክብሪ። አንድ ሰዓት ብለሽ ሰባ አምስት ደቂቃ ከቆየሽ ቤቱ ማዕድ ላይ ይጠብቅሻል፤ ስለዚህ የምትናገሪው ሰዓት ገላ መታጠቢያውንም ይጨምር። ሰዓትሽን ገበታ ላይ አትመልከቺ፣ ማታ ነገ ስለምሮጥ ብለሽ ከጨዋታው አትነሺ። የመቃብር ቦታና የጸሎት ቦታ ቅጥር ውስጥ አትሩጪ፤ አቋራጭ ቢሆንም በእግር እለፊ። ጠባብ መንገድ ላይ አረጋዊ ስታገኚ ከኋላ በሩጫ ከመቅረብ ቀድመሽ ድምፅ አሰሚ፣ ቀስ በይ፣ ሰላምታ ሰጥተሽ እለፊ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። የሩጫ መተግበሪያው መነሻሽን ለሁሉም ካሳየ፣ የአማቶችሽን በርና መቼ እንደምትወጪ ለማያውቁት ሰው እየተናገርሽ ነው። ስትራቫ የተባለው የሩጫ መተግበሪያ ካርታ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ አጋልጦ በ2018 እ.ኤ.አ. መነጋገሪያ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ከመሄድሽ በፊት መነሻና መድረሻ የሚደብቀውን ምርጫ አብሪው፣ ወይም ሩጫውን ለራስሽ ብቻ አድርጊው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፦ የወሰድሽውን ሰዓት በዚያው ቀን መልሺለት። ሃምሳ ደቂቃ ከወጣሽ፣ እሱም ከእናቱ ጋር ያለ ልጅ የሚቀመጥበት ሃምሳ ደቂቃ ይኑረው። በኋላ ይካካሳል የተባለ ሰዓት ሲካካስ አይታይም።

ቀስ_በል

ከላይ ያሉት ጥሩ ናቸው፤ ሰዓቱን ግን ማንም አልነካውም። ቤተሰቡ ሳይነሳ ንጋት ላይ መውጣት ሁሉም የሚመክረው ነው። ወደ ምሥራቅ ስድስት ሰዓት ስትሄጂ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጎዳሻል።

የሰውነት ሙቀት ዝቅ የሚልበት ሰዓት ከለመድነው መንቂያ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ይላል። ቤትሽ 12 ሰዓት ላይ የምትነሺ ከሆነ ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ ነው። እዚያ ስትደርሺ ያ ሰዓት ረፋድ 4 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በፊት የሚገባ ኃይለኛ ብርሃን የሰውነትሽን የመተኛና የመንቂያ ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው ወደ ፊት ይገፋዋል። ንጋት ላይ ብትሮጪ ለሳምንት ሌሊት ትነቂያለሽ፣ ቀን ትፈዢያለሽ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እስከ 4 ሰዓት ቤት ውስጥ ቆዪ፣ ከወጣሽም ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጊ። ከ4 እስከ 6 ባለው ውጪ። ከዚያ በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ቀደም እያደረግሽ ሂጂ፤ በስድስት ቀን ገደማ ወደ ንጋቱ ትደርሺያለሽ። ትልቋንም በዚያው ሰዓት ወደ ውጭ አውጪያት፣ እሷም እንዳንቺው ነው የምትስተካከለው። የፍጥነቱን ቀን ከአራተኛው ቀን በፊት አታድርጊው። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ የጫማሽን ማሰሪያ ላላ አድርጊ፣ በየሰዓቱ ተነስተሽ ተንቀሳቀሺ።

ጋሪ_ገፊ

ትንሹን በጋሪ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ጋሪው ለሩጫ የተሠራ፣ ባለ ሦስት ትልልቅ ጎማ መሆን አለበት፤ ተራ ጋሪ ፊት ጎማው ሲወዛወዝ ይገለበጣል። ልጁ ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ መቀመጥና አንገቱን በደንብ መያዝ አለበት። ዘጠኝ ወር ላይ አብዛኞቹ ይችላሉ፣ የሕፃናት ሐኪሙን ግን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። የፊቱን ጎማ ቆልፊው፣ አምስት ቦታ የሚያያዘውን ቀበቶ እሰሪ፣ የእጅ ማሰሪያውን አንጓሽ ላይ አድርጊ። ለስላሳ መንገድ ላይ 40 ደቂቃውን ቀን ብቻ ሥሪበት፤ የፍጥነቱን ቀን በጭራሽ። ፀሐይ ሲመጣ ጨርቅ ጋሪው ላይ አትጣዪ፤ አየር ስለሚዘጋ ውስጡ ቶሎ ይግላል።

ማለዳ_21

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ረፋድ 4 ሰዓት ትንሹ የሚተኛበት ስለሆነ ለሁላችንም ይመቻል። አንድ ብቻ ቀረኝ፤ የምይዘው አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ዝናብ ቢመታውስ?

እንግዳ_ነኝ

የውስጥ ንጣፉን አውጪ፣ ማሰሪያውን ፍቺ፣ ጋዜጣ ጨምድደሽ እስከ ጣቱ ጫፍ ሙዪው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱ እርጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ቀይሪው፤ ከመተኛትሽ በፊት አንዴ ድገሚው። ጠዋት ይደርቃል። ማሞቂያ ላይ አታስጠጊው፣ ሙጫው ይለቃል፣ ሶሉም ይደርቃል። ጭቃውን ደግሞ የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አታራግፊ፤ ደጅ ላይ ሲደርቅ ሁለቱን ሶል አጋጭተሽ አራግፊው። ጫማውን የእጅ ሻንጣ ውስጥ ያዢ፤ ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይ ልብስ ከቤቱ ይገኛል፣ እግርሽ የለመደው ጫማ ግን አይገኝም።