የድብርት ሕክምናዬን ከጠቅላላ ሐኪም ወደ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት) ላዛውር?

ድብርቱ ዓመታት ያስቆጠረ ነው፤ የሚከታተለኝም ጠቅላላ ሐኪም ነው። መጀመሪያ ፍሉኦክሰቲን የተባለ ፀረ ድብርት መድኃኒት እስከ 40 ሚሊግራም ወሰድኩ፤ ከሁለት ወር በኋላም ለውጥ ስላልታየ ወደ ሌላ ፀረ ድብርት፣ ሰርትራሊን፣ ተቀየረልኝ። በ50 ተጀምሮ አሁን 150 ሚሊግራም ላይ ነኝ፣ በዚህ መጠን 8 ሳምንት አልፏል። መድኃኒቱን አላቆራረጥኩም፣ አልኮልም አልጠጣም። የታይሮይድ፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራዎቼ ደህና ናቸው። የድብርትን ክብደት በሚለካው ፒኤችኪው-9 መጠይቅ ነጥቤ ከ19 ወደ 15 ብቻ ነው የወረደው። እንቅልፌ ትንሽ ተስተካክሏል፤ ፍላጎትና ትኩረት ግን ወዴት እንደገቡ አላውቅም። ራሴን የመጉዳት ሐሳብ የለኝም (ቢኖር ኖሮ ጥያቄ ሳይሆን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነበር)። የንግግር ሕክምና ገና አልጀመርኩም።

ሐኪሜ «200 አድርሰን እንጠብቅ» ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ሁለት መድኃኒት በበቂ መጠንና ጊዜ ተወስዶ ካልሠራ «ድብርት ነው» የተባለው ምርመራ ራሱ እንደገና መታየት አለበት። አጎቴ ባይፖላር (ድብርትና ከመጠን ያለፈ የስሜት መነቃቃት የሚፈራረቁበት ሕመም) አለበት፤ የእኔም እሱ ከሆነ ደግሞ ፀረ ድብርት መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፣ እንዲያውም ወደ ማንያ (ወደዚያ ከመጠን ያለፈ መነቃቃት) ሊገፋ ይችላል። ስሜትን የሚያረጋጋው ሊትየም የተባለ መድኃኒት ይጨመር ቢባልም በደም ውስጥ ያለውን መጠን፣ ኩላሊትንና ታይሮይድን በየጊዜው መከታተል ይጠይቃል።

200 ሚሊግራሙን ለተጨማሪ 4 ሳምንት ልሞክረው ወይስ አሁኑኑ ወደ ሳይካትሪስት ሪፈር እንዲጽፍልኝ ልጠይቀው?