በጁን መጨረሻ ለስድስት ሰው፦ የአልፕስ ካንየን፣ 28 ሜትር ፏፏቴ፣ ሁለት ገመድ

ጀማሪው_ወራጅ
ሰላም ለሁላችሁ። በጁን መጨረሻ ስድስት ሆነን ስዊዘርላንድ፣ ቲቺኖ ውስጥ አንድ ካንየን (ወንዝ የቦረቦረው ጠባብ ገደል) በገመድ ልንወርድ አስበናል። ደረጃው ቪ3 ኤ3 ነው (ቪ የገመድ መውረዱን፣ ኤ የውሃውን ክብደት ከ1 እስከ 7 ይለካል)፤ ትልቁ ፏፏቴ 28 ሜትር። አራታችን ደረቅ ዓለት ላይ በገመድ ወርደን እናውቃለን፣ ሁለቱ ምንም አያውቁም። ሁለት ባለ 40 ሜትር ገመድ አለን። ይበቃል? ዌትሱቱስ (ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚጠብቀው ልብስ) ውፍረቱ 3 ሚሊ ቢሆን?

ባለገመዱ
ለመውረድ ይበቃል፣ ለችግር አይበቃም። 28 ሜትሩን ወርዶ ገመዱን ከታች ለመሳብ 56 ሜትር ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ብትቀጥሉ 80 ይሆናል። ስትስቡ ሁለቱን ያያያዘው ቋጠሮ ስንጥቅ ውስጥ ከተወተፈ ግን ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ፣ የሚቀጥለው ፏፏቴ ላይ ባዶ እጃችሁን ትቆማላችሁ። በጥቅሉ የትልቁን ፏፏቴ ሦስት እጥፍ ያዙ። አንዱን በባለ 60 ለውጡት፤ ባለ 40ው መጠባበቂያ ሆኖ በሌላ ሰው ቦርሳ ይሁን። የመጨረሻው ሰው ከመውረዱ በፊት ከታች ያሉት ስበው ይሞክሩት።

ዓለት ላይ የለመዳችሁትን ግን እዚህ ተዉት። ገመዱን አጥፎ በሁለቱም ክር መውረድ ውሃ ውስጥ አደገኛ ነው፤ ሰው ፏፏቴው ሥር ከተያዘ ከላይ ልትለቁለት አትችሉም። በአንድ ክር ይውረድ፤ ክሩን መልሕቁ (ገመዱ የሚታሰርበት፣ ዓለቱ ላይ የተተከለ ብረት) ላይ 8 ቅርጽ ባለው የመውረጃ ብረት ቆልፉት፣ ሲያስፈልግ ተፈትቶ ሰውዬውን ዝቅ እንዲያደርግ። ጫፉ ውሃውን ነካ ብሎ ይቁም። ከረዘመ እግር ላይ ይጠመጠማል። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አይደረግም፣ ወራጁ ዋኝቶ መውጣት አለበት።

ደራሽ
ስለ ገመዱ የተባለው ልክ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ኤ3 የተባለው በመደበኛ መጠኑ ነው። በጁን በረዶው ገና ይቀልጣል፤ ያው ካንየን ኤ5 ሊሆን ይችላል። ከበረዶው የሚቀልጠው ውሃ ጠዋት አነስ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይሞላል፣ የነጎድጓድ ዝናብም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ስለዚህ በማለዳ ግቡ፤ ለስድስት ሰው የካንየኑ መመሪያ መጽሐፍ ከጻፈው ሰዓት በእጥፍ አስቡ።

ትንበያውን ለሸለቆው ሳይሆን ከላይ ላለው ተፋሰስ ሁሉ እዩ። በ1999 ኢንተርላከን አጠገብ ሳክሰተንባኽ በተባለ ካንየን ላይ 21 ሰው የሞተው በነጎድጓድ ዝናብ በመጣ ደራሽ ጎርፍ ነው። ከላይ ግድብ ወይም የኃይል ማመንጫ የውሃ መቀበያ ካለ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎም በር ሊከፈት ይችላል፤ ለድርጅቱ ደውላችሁ ጠይቁ። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ከመጣ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ወደ ታች አትሩጡ። ወዲያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውጡ።

ሁለት ጀማሪ ይዞ በጁን ኤ3 አልመክርም። ወይ ኤ2 ፈልጉ፣ ወይ ወደ ሴፕቴምበር ግፉት።

ጀማሪው_ወራጅ
አመሰግናለሁ፣ ሴፕቴምበር ይሻለናል። ዝላዮቹስ?

ፊሽካ
ጥልቀቱን አንድ ሰው በገመድ ወርዶ ሳይፈትሽ ማንም አይዝለል። ባለፈው ዓመት ጥልቅ የነበረው ኩሬ ከአንድ ጎርፍ በኋላ ጠጠር ሞልቶት ሊገኝ ይችላል። ዌትሱት 3 ሚሊ ለዚያ ውሃ ቀጭን ነው፤ 5 ሚሊ ባለ ሁለት ክፍል፣ ከካልሲው ጋር። በፏፏቴ ጩኸት ድምፅ አይሰማም፤ የፊሽካ ምልክት ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ፣ አንድ አጭር «ቁም» ነው። ገመድ መቁረጫ ቢላ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይንጠልጠል። ስልክ ካንየን ውስጥ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የምትወጡበትን ሰዓት ውጭ ላለ ሰው ንገሩ። እሱ የሚደውልበት ቁጥር 112 ወይም የስዊሱ የሄሊኮፕተር አድን፣ 1414 ነው።