ክርክር፦ የኡጃይኑ ሊንጋም ላይ ወተትና እርጎ ማፍሰስ ይቅር ወይስ ይቀጥል?

አወያይ፦ በሕንድ ማድያ ፕራዴሽ፣ ኡጃይን ያለው የማሃካሌሽዋር ቤተ መቅደስ ከ12ቱ የሂንዱ አምላክ የሺቫ ጂዮቲርሊንጋሞች (ዋና ዋና ቅዱስ ስፍራዎች) አንዱ ነው። ሊንጋም ማለት የሺቫ ምልክት ሆኖ የሚመለክ፣ ምእመናን ወተትና እርጎ የሚያፈሱበት ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እየተበላ በመሄዱ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ምእመናን ሊንጋሙን እንዳያሹ ከለከለ፤ ንጹሕ ወተትም በመጠኑ ብቻ ፈቀደ። ልክ ነው ትላላችሁ?

ጥንት፦ ልክ ነው። ሁሉም ወተቱን ይወቅሳል፤ የባሰው ግን ሌላው ነው። ሊንጋሙ ላይ የሚፈሰው ፓንቻምሪት ማለት ወተት፣ እርጎ፣ ንጥር ቅቤ፣ ማርና ስኳር ነው። እርጎውና ማሩ አሲድ አላቸው። ቅቤው የድንጋዩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ በውሃ ብቻም አይለቅም። በዚያ ላይ ስኳር ሲታሽበት ፍሬው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ደግሞ እየኮመጠጠ፣ ሰው ከሄደም በኋላ ድንጋዩን ይበላዋል።

ማለዳ፦ ሥርዓቱ በወጉ ሲፈጸም እኮ በየመሀሉ ውሃ አለ! ወተት፣ ውሃ፤ እርጎ፣ ውሃ፤ እንዲህ እያለ እስከ ስኳሩ። በመጨረሻ በብዙ ውሃ ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው ከመዓዛማ እንጨት የሚሠራው ሰንደል የሚቀባውና ለሺቫ የሚቀርበው ባለሦስቱ የቢልቫ ቅጠል ለስላሳ ገጹ ወደ ታች ሆኖ የሚቀመጠው። የሚያበላሸው የወረፋው ጥድፊያ ነው፤ መጀመሪያ የሚዘለለው ውሃው ነዋ።

ሚዛን፦ በደቡብ ሕንድ ያለውን የቲሩማላ ቤተ መቅደስ እዩ። ዋናው የድንጋይ ምስል የሚታጠበው ዓርብ ዓርብ ነው፤ በየዕለቱ የሚታጠበው ትንሹ የብር ምስል ነው። እዚህስ ለምን አይሆንም?

ማለዳ፦ አይሆንም። እዚያ የሚያጥቡት ካህናት ናቸው። በሰሜን የሺቫ መቅደሶች ምእመኑ በገዛ እጁ ያፈሳል፤ ደሃም ሀብታምም። ይህን ከወሰዳችሁበት ምን ቀረው?

ጥንት፦ ድንጋዩ በራሱ የተገለጠ ነው ትላላችሁ። እንግዲያው ቢያልቅ ምትክ የለውም! ጎህ ሳይቀድ በሚደረገው የባስማ አርቲም (የአመድ አምልኮ ሥርዓት) አመዱ ሲነሰነስ ሊንጋሙ በጥጥ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ሥርዓቱ ግን አልጠፋም።

ሚዛን፦ የኡጃይኑ መቅደስ በ2017 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ ለወተት ወይም ለፓንቻምሪት 1.25 ሊትር ወስኖ ነበር። ችግሩ ማን ይለካል የሚለው ነው። ግማሽ ሊትር ብቻ የሚይዝ ዕቃ በር ላይ ይታደል።

ማለዳ፦ በዚህ እስማማለሁ። ስኳር ማሸቱም ይቅር። ዕቃው መዳብ ከሆነ ግን ለውሃ ብቻ ይሁን፤ ወተት በመዳብ ማፍሰስ በልማዱም ነውር ነው፣ እርጎም መዳቡን ያበላሸዋል።