ሌይሽማንያ መጀመሪያ የማን ተውሳክ ነበር?

ጥያቄ፦ ትናንት በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ፣ ሌይሽማንያን፣ በሕይወት እያለ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ጅራፍ የመሰለችው ክሩ ከፊት ሆና ቀጭን አካሉን ስትጎትተው ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ግን መጀመሪያ የማን ነበር? የአሸዋ ዝንብ ወይስ የአይጥ?

መልስ፦ የነፍሳት ነው ወንድሜ። የቅርብ ዘመዶቹ እነ ክሪቲዲያና ሌፕቶሞናስ ዛሬም ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት በነፍሳት አንጀት ውስጥ ነው። ወደ እንስሳት ያሻገረችው ደም መጣጯ ዝንብ ናት።

መልስ፦ በዚህ ላይ ቅሪተ አካሉን ጨምሩበት። ምያንማር ውስጥ በተገኘ፣ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ አምበር (ድንጋይ በሆነ የዛፍ ሙጫ) ውስጥ ከነተውሳኳ ተጣብቃ የቀረች የአሸዋ ዝንብ አለች። ለተውሳኩ በ2004 እ.ኤ.አ. ፓሊዮሌይሽማንያ የሚል ስም ወጣለት። ያቺ ዝንብ በኖረችበት ዘመን እኮ አይጥ የሚባል ገና በምድር ላይ አልነበረም! ስለዚህ አይጥ በኋላ የመጣች ተሸካሚ ናት። ጉድጓዷ ግን ለዝንቧና ለተውሳኩ ተመቻቸው፤ ጨለማና እርጥበት ስላለው ዝንቧ እዚያው ትራባለች፣ እዚያው ደም ታገኛለች።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። የተነሣበት አህጉርስ የቱ ነው?

መልስ፦ እሱ ገና ያከራክራል። እኔን የሚያሳምነኝ ተውሳኩ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ሳይለያዩ በፊት ነበረ የሚለው ነው፤ ጥንታዊው የሌይሽማንያ ቅርንጫፍ ሙንዲኒያ ዛሬ በተለያዩ አህጉራት ተበትኖ ይገኛልና።