የሐሙሱ ፕሮፖዛል፦ ልብ አንጠልጣዩ ይግባ ወይስ አይግባ? (የደሴ ቤተ መጻሕፍት አባላት የጽሑፍ ውይይት፤ አንዳንዶቹ በሰፈራቸው ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ ፕሮፖዛሉ ሐሙስ መግባት አለበት። ሐሳቡ ያው ነው፤ ወጣቱን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚመልስ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በትረካ። የተመረጠው የፍሬድሪክ ፎርሳይት «ዘ ዴይ ኦቭ ዘ ጃካል» ነው፤ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደጎልን ለመግደል የተቀጠረ ነፍሰ ገዳይ ታሪክ።

የሆጤው፦ የዓምናው መዋጮ ሳይወራረድ ደግሞ የነፍሰ ገዳይ ወሬ ልንገዛ ነው?

የሰኞ ገበያዋ፦ ወሬ አይደለም ወንድሜ። መጽሐፉ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደጎል በጥይት እንዳልሞቱ ያላወቀ አንባቢ አልነበረም። ታሪኩ የ1963 ነው፤ ደጎል ግን በ1966 አዲስ አበባ መጥተው ጃንሆይ ተቀብለዋቸዋል። ይህን እያወቅን እንኳ መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቅተናል። ገዳዩ ከመቃብር ላይ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ስም ይወስዳል፣ በዚያ ስም የልደት ወረቀት ያወጣል፣ በወረቀቱ ፓስፖርት ያገኛል። ሁሉም የሚታመን ስለሆነ «የቱ ጋ ይሰናከል ይሆን?» እያልን ነው የምንገልጠው።

የኮምቦልቻው፦ በቃ ጨረስሽው! ታክሲ ከፍለን ያን ሁሉ ዳገት የምንወጣው የታወቀ ነገር ልንሰማ ነው?

የሰኞ ገበያዋ፦ መጨረሻውን መቼ ተናገርኩ?

የኮምቦልቻው፦ «ይሰናከላል» አላልሽም?

የሆጤው፦ ብላለች። ከፍ ብላችሁ እዩት።

ገንዘብ ያዥ፦ መጨረሻውን ያወጣ 100 ብር ይቀጣ።

የሰኞ ገበያዋ፦ እንግዲያው ሌላ ተራኪ ፈልጉ። በነፃ ላነብላችሁ ተነስቼ ልቀጣ?

ሰብሳቢ፦ እታለም ተረጋጊ። አንተም ቃልህን ለስለስ አድርገው። የደጎል መትረፍ የአደባባይ ነገር ነው። ልብ የሚሰቅለው የፈረንሳዩ መርማሪ ፖሊስ ኮሚሳር ለቤል ስሙን እንኳ የማያውቀውን ገዳይ እንዴት እንደሚያሳድድ ነው።

የኮምቦልቻው፦ ይሁን፣ እታለም አትቀየሚኝ። ቅጣቱ ግን ይጻፍ።

የሸዋ በሩ፦ አድማጭንም ይጨምር።

የሆጤው፦ አድማጭ ለጎረቤቱ ቢያንሾካሹክ ማን ይመሰክራል?

የሸዋ በሩ፦ ጎረቤቱ!

ጸሐፊ፦ መጽሐፉን ከአዲስ አበባ አመጣለሁ ያለው አባል የት ገባ? ስደውል አያነሳም።

የሆጤው፦ መጽሐፍ ሳይኖር ነዋ ስለ ቅጣት የምንጨቃጨቀው!

ገንዘብ ያዥ፦ ቅጣቱ ለወንበር ይዋል። ግማሾቹ መደገፊያቸው ወልቋል፤ ሰው እንዴት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ያዳምጣል?

ሰብሳቢ፦ እውነት ነው። የወንበር ጥገና ዋና ጥያቄ ሆኖ ይግባ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ትረካውስ?

ጸሐፊ፦ በአባሪ አስገባዋለሁ። የአናጺ ፕሮፎርማ ሦስት ይፈልጋሉ፤ ማን ያመጣል?

የሸዋ በሩ፦ አንዱን እኔ።

ጸሐፊ፦ ሁለቱንስ?